ኮምፒውተር ያዳላል እንዴ?

ዘመናችን የኮምፒውተር ዘመን ነው መባል ከጀመረ ቆይቷል። አሁን አሁን ግን ነገሩ ወደ ፉክክር እየተለወጠ ነው። ቻት ጂፒቲ የተባለው ፕሮግራም በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ወዲህ በትምህርት ክፍላችን ኮሪደር ላይ ተማሪዎች ሰብሰብ ብለው ከታዩ ወሬያቸው ከሦስት አንዱ ነው፤ ወይ ፈተና፣ ወይ ኳስ፣ ወይ ደግሞ «ጋዜጠኛን ኮምፒውተር ይተካዋል ወይስ አይተካውም?» የሚል ክርክር። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ሻዩ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል፤ መልስ ግን አይገኝለትም። እኔም እስኪ በጽሑፍ ልሞክረው ብዬ ነው ብዕሬን ያነሳሁት።

«አይተካውም» የሚሉ ጓደኞቼ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርቡት ዝርዝር ነው። ኮምፒውተር ይህን አይችልም፣ ያንን አይችልም ይላሉ። የዚህ ዓይነቱ ዝርዝር ችግሩ በየጊዜው እያጠረ መሄዱ ነው። በአንድ ወቅት ቼዝ የሰው አእምሮ የመጨረሻ ምሽግ ተደርጎ ይታይ ነበር። በግንቦት 1989 ዓ.ም. ግን የአይቢኤም ኩባንያ የሠራው ዲፕ ብሉ የተባለ ኮምፒውተር የዓለሙን ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭን 3 ነጥብ ተኩል ለ2 ነጥብ ተኩል አሸነፈው። ማሽኑ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 200 ሚሊዮን የሚደርስ የጨዋታ አቀማመጥ ይመረምር ነበር። «ቼዝማ ስሌት ነው፣ ጎ የተባለውን የእስያ ጨዋታ ግን መቼም አይችለውም» ያሉም ነበሩ። በመጋቢት 2008 ዓ.ም. አልፋጎ የተባለው ፕሮግራም ኮሪያዊውን ሊ ሴዶልን 4 ለ1 ረታው። እንግዲህ «አይችልም» በሚለው ቃል ላይ ብቻ ቤት ከሠራን ነገ ጣሪያው በላያችን ላይ መውረዱ አይቀርም ማለት ነው።

ስለዚህ ጥያቄውን ትንሽ ልለውጠው። ኮምፒውተር ምን ያቅተዋል ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፣ ሰው ሲያመዛዝንና ሲፈርድ የሚያደርገው፣ ኮምፒውተር ግን የማያደርገው ነገር ምንድን ነው ብንልስ? ለዚህ መልስ ፍለጋ አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልገኝም። ሰፈሬ ልደታ ይበቃኛል።

ልደታን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ስሙን ያገኘው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ዛሬ ግን «ልደታ» ሲባል የብዙ ሰው አእምሮ ላይ ቶሎ የሚመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ኮንዶሚኒየሙና ፍርድ ቤቱ። አሮጌዎቹ ቤቶች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ፈርሰው በቦታቸው ኮንዶሚኒየም ተሠራ። ፍርድ ቤቱ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ፋይል በታቀፉ ጠበቆችና በባለጉዳይ ተጨናንቆ ይውላል። እነዚህ ሁለት ነገሮች፣ ማለትም ቤትና ፍርድ፣ ስለ ኮምፒውተር ያስተማሩኝ ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ነው።

ከቤቱ ልጀምር። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የ14ኛው ዙር የ20/80 እና የ3ኛው ዙር የ40/60 ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣ። ለዕጣ የቀረቡት ቤቶች 25 ሺህ 491 ነበሩ፤ 18 ሺህ 648ቱ የ20/80፣ 6 ሺህ 843ቱ የ40/60። ዕጣው የሚወጣው በኮምፒውተር ነው። ሰው ደግሞ ዓመታት ሙሉ ከጉርሱ ቀንሶ የቆጠበበት ጉዳይ ነው። የዚያን ዕለት እልል የተባለበት ቤት ነበር፣ አንገት የተደፋበትም ነበር። ቀናት ሳያልፉ ግን የከተማው አስተዳደር ዕጣው መሰረዙን አስታወቀ። ምክንያቱም ለዕጣው ብቁ ያልሆኑ ሰዎች መረጃ በሲስተሙ ውስጥ ገብቶ በመገኘቱ ነው። ተጠርጣሪዎች ተያዙ፣ ጉዳዩም ወደ ሕግ ሄደ። ዕጣው እንደገና የወጣው በ2015 ዓ.ም. ነው።

ያኔ እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። የዕጣው መሰረዝ በተነገረ ሰሞን ቤታችን ቡና ተፈልቶ ጎረቤቶች ተሰብስበው ነበር። አንዷ ጎረቤታችን ስኒያቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩና «አንተ የተማርከው ልጅ፣ ለመሆኑ ኮምፒውተር ያዳላል እንዴ?» አሉኝ። እኔም ፈጥኜ «ኧረ እትዬ፣ ኮምፒውተር አያዳላም፣ የሚያዳላው ሰው ነው» አልኳቸው። እሳቸውም «ታዲያ ካላዳላ ለምን ዝም አለ?» አሉ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ግን ጥያቄው ሆዴ ውስጥ ቀረ። ለምን ዝም አለ? ከዚያ ወዲህ ስለ ኮምፒውተር ባነበብኩ ቁጥር የምመለሰው ወደዚችው ጥያቄ ነው።

መልሱ እንዲህ ነው። ዕጣ የሚያወጣ ፕሮግራም ሁለት ነገር ይሰጠዋል። አንደኛው የስም ዝርዝር ነው። ሁለተኛው ከዝርዝሩ ውስጥ በዘፈቀደ የሚመርጥበት ስሌት ነው። «በዘፈቀደ» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ሰው ከሚያስበው ይለያል። ተራ ፕሮግራም የሚያወጣው ቁጥር ከአንድ መነሻ ቁጥር ተነስቶ በስሌት የሚፈልቅ ነው። መነሻ ቁጥሩን የሚያውቅና ስሌቱን የሚያውቅ ሰው ውጤቱን ደግሞ ደጋግሞ ያንኑ ማውጣት ይችላል። ስለዚህ የዕጣው ንጽሕና የሚወሰነው ዝርዝሩን ማን አስገባ፣ መነሻውን ማን ሰጠ፣ ማንስ አየው በሚሉት ጥያቄዎች ነው። ሦስቱም የሰው ጥያቄዎች ናቸው። ኮምፒውተሩ ዝርዝሩ ከመጣለት ይቀበላል። መጨመር የሌለበት ስም ተጨምሮ ቢመጣ «ይህ ሰውዬ መቼ ቆጠበ?» አይልም። ይህን እንዲያጣራ ሰው አስቀድሞ አስቦ ካላዘዘው በስተቀር አይጠረጥርም። ዝም ያለውም ለዚህ ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የስሌት ማሽን የነደፈው እንግሊዛዊው የሂሳብ ሊቅ ቻርልስ ባቤጅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1864 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ አንድ ገጠመኝ አስፍሯል። የፓርላማ አባላት የተሳሳተ ቁጥር ወደ ማሽኑ ቢገባ ትክክለኛ መልስ ይወጣል ወይ ብለው ጠየቁት። እሱ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከምን ዓይነት የሐሳብ መምታታት እንደሚመነጭ ሊገባው አልቻለም። እኔ ግን በጠያቂዎቹ አልስቅም። ሰዎቹ ሳያውቁት ከማሽኑ የፈለጉት ነገር የሰውን ጠባይ ነው። ጎበዝ የሂሳብ ሠራተኛ የተሳሳተ ደረሰኝ ሲሰጡት ደምሮ ዝም አይልም፤ «ይቺ ነገር ልክ አይደለችም» ብሎ ይመልሳታል። ማሽን እንዲህ ያደርግ እንደሆነ መጠየቅ ሞኝነት አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ ዕቁብን አስቡት። እዚህ ልደታም ሆነ ሌላ ሰፈር ዕቁብ ያልገባ ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። ዕቁብም ዕጣ ነው። ስም በቁራጭ ወረቀት ይጻፋል፣ ይጠቀለላል፣ ይወጣል። ሁሉም ዓይኑን ተክሎ ያያል። ነገር ግን ዕቁብን የሚመራው ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠራ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ዳኛ ነው የሚባለው። ለምን ዳኛ አስፈለገ? ወረቀት ማውጣትማ ሕፃን ልጅም ያወጣል። ዳኛ ያስፈለገው ዕጣ ብቻውን የማይፈታው ነገር ስላለ ነው። አንዱ አባል ሐዘን ደርሶበት፣ ሌላው ልጁ ታሞበት የዚህን ሳምንት ዕጣ ቢለምን፣ ነገሩን ሰምቶ፣ አባላቱን አስማምቶ «ዛሬ ለሱ ይሁን» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ለማኙ እውነት ተቸግሮ ይሁን ወይም ብልጥ ሆኖ የሚለይም ሰው ያስፈልጋል። ስሌቱን አውቆ፣ ስሌቱ የማይበቃበትን ቦታ ደግሞ ለይቶ የሚያይ ማለት ነው።

ከልደታ ወጣ ብዬ አንድ ከባድ ምሳሌ ላንሳ። ለማንሳት እየከበደኝም ቢሆን ለዚህ ርዕስ ከእሱ የቀረበ ነገር አገራችን ውስጥ አላውቅም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 በተነሳ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ 8 ነበር። ከዚያ በፊት በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የዚሁ ሞዴል አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። በሁለቱም ውስጥ ኤምካስ የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት ነበረበት። ሥራው የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከልክ በላይ ሽቅብ የወጣ ሲመስለው ወደ ታች መግፋት ነው።

የዚያን ቀን አውሮፕላኑ ላይ አፍንጫው ከነፋሱ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎች ነበሩ፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። በአንድ ወር ውስጥ የወጣው የመጀመሪያ ደረጃ የምርመራ ሪፖርት እንደሚያሳየው የግራው 74.5 ዲግሪ ሲል የቀኙ 15.3 ዲግሪ ይል ነበር። እስኪ አስቡት፤ ሁለት ምስክሮች ቆመው አንዱ 74 ሲል ሌላው 15 ይላል። የትኛውም ሰው፣ ስለ በረራ ምንም የማያውቅ እንኳን ቢሆን «ቆይ፣ ከሁለት አንዳችሁ ተሳስታችኋል» ይላል። ኤምካስ ግን የተሠራው የአንዱን መሣሪያ ቃል ብቻ እንዲሰማ ነበር። ስለዚህ የግራውን አመነና አፍንጫውን ወደ ምድር ገፋው። አብራሪዎቹ እየታገሉ ሲያቃኑት እሱ መልሶ ገፋ። ማሽኑ አልተበላሸም። የታዘዘውን በትክክል ፈጸመ። አስፈሪውም ነገር ይኸው ነው።

«ታዲያ ሁለቱንም እንዲያነጻጽር አድርጎ መሥራት ይቻላል» የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው፤ ከአደጋዎቹ በኋላም የተደረገው ይኸው ነው። ነገር ግን ማነጻጸሩን ያሰበው ማነው? ሰው ነው፤ ያውም ከብዙ ሕይወት በኋላ። ማሽን እንዲጠረጥር ሰው ያዘዘውን ነገር ይጠረጥራል። ማንም ያላሰበው ነገር ሲመጣ ግን «ይህ እንግዳ ነገር ነው፣ እስኪ ቆም ልበል» የሚል አንዳች ነገር በውስጡ የለም። ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ባይሆንም ይህን ያደርጋል። እኛ አገር «ልብ አለው» የምንለው ሰው ብዙ ያወቀ ሰው ማለት ብቻ አይደለም። ልብ የሚል፣ ነገሩ ያልጣመው ጊዜ የሚያስተውል ሰው ማለት ነው።

ወደ ሰፈሬ፣ ወደ ፍርድ ቤቱ ልመለስ። ለዜና አጻጻፍ ትምህርት ልምምድ ችሎት ተቀምጠን እንድንከታተል እንላካለን። አንድ ቀን በስርቆት የተከሰሰ ወጣት ቀረበ። ክሱ ተነበበለትና ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይ ተብሎ ተጠየቀ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «አዎ» አለ። እኔም ማስታወሻዬ ላይ «አመነ» ብዬ ጻፍኩ። ዳኛዋ ግን ወዲያው አላለፉትም። መነጽራቸውን አውልቀው አዩትና «አዎ ያልከው የቱን ነው?» አሉት። ልጁም ዕቃውን መውሰዱን እንደሚያምን፣ ነገር ግን ሰውየው የሠራበትን ገንዘብ ስለከለከለው በደመወዙ ፋንታ የወሰደ እንደመሰለው ተንተባተበ። ዳኛዋ ክዷል ተብሎ እንዲመዘገብ አዘዙና ማስረጃ እንዲሰማ ቀጠሮ ሰጡ። ልጁ ጥፋተኛ ይሁን ንጹሕ እኔ አላውቅም። ያወቅኩት ነገር የፈራ ሰው «አዎ» እና የሚያምን ሰው «አዎ» በወረቀት ላይ አንድ ቃል፣ በችሎት ግን ሁለት ቃል መሆናቸውን ነው።

ሕጉም ይህን የሚያውቅ ይመስለኛል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 88 ዳኛ ቅጣት ሲወስን የጥፋተኛውን ጠባይ፣ ያለፈ ሕይወት፣ ያነሳሳውን ምክንያትና የግል ኑሮውን እንዲያይ ይላል። ይኸው አንቀጽ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቅጣት አወሳሰን መመሪያ እንዲያወጣ አዟል፤ መመሪያውም መጀመሪያ በ2002 ዓ.ም.፣ ተሻሽሎ ደግሞ በ2006 ዓ.ም. ወጣ። መመሪያው ወንጀሎችን በደረጃ፣ ቅጣቶችን በእርከን ይደለድላል። ማክበጃ ምክንያት ሲኖር እርከኑ ይወጣል፣ ማቅለያ ሲኖር ይወርዳል። ይህማ ኮምፒውተር በአንድ ሰከንድ የሚሠራው ሥራ ነው! የመጣውም ለበጎ ነው፤ ለአንድ ዓይነት ጥፋት አንዱ ችሎት ሁለት ዓመት ሌላው ሰባት ዓመት እንዳይፈርድ። ሆኖም ምክንያቱ ማቅለያ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ሰውየውን ማየት፣ መስማትና ማመን ወይም አለማመን ይጠይቃል። ከሁሉም በላይ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 149 ዳኛው ማስረጃን ለምን እንደተቀበለ ወይም ለምን እንደጣለ ምክንያቱን በፍርዱ ላይ እንዲያሰፍር ይደነግጋል። ዳኛ ይጠየቃል። ይግባኝ ይባልበታል። ስሙ ከፍርዱ ሥር ተጽፎ ይቀራል።

ጆሴፍ ዋይዘንባውም የተባለው የኮምፒውተር ሊቅ በ1966 እ.ኤ.አ. ከሰው ጋር በጽሑፍ የሚያወራ ኤላይዛ የተባለ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ሰዎች ምስጢራቸውን ለፕሮግራሙ ሲያጫውቱት አይቶ ደነገጠ። ከአሥር ዓመት በኋላ በጻፈው መጽሐፍ የተከራከረው ኮምፒውተር ቢችል እንኳ ልንሰጠው የማይገባ ሥራ አለ ብሎ ነው። እኔም የምስማማው በዚህ ነው። ጉዳዩ የመቻልና ያለመቻል ብቻ አይደለም፤ የተጠያቂነት ነው።

አሁን ለጎረቤታችን ጥያቄ መልስ ያገኘሁ ይመስለኛል። ኮምፒውተር አያዳላም። ግን አያዳላም ማለት ፍትሐዊ ነው ማለት አይደለም። ጉቦ ቀርቦለት እምቢ ያለ ዳኛ «አያዳላም» ይባልለታል፤ ምክንያቱም ማዳላት ይችል ነበር። ሚዛን ግን አያዳላም ተብሎ አይመሰገንም፤ ድንጋዩ ከጎደለ ጎድሎ ይመዝናል እንጂ። ኮምፒውተር ለማንም አያዳላም፣ ለእውነትም አያዳላም።

በዚህ ላይ ሰውን መላእክት ለማድረግ እንዳልሞከርኩ ይታወቅልኝ። ሰው ይዋሻል፣ ይደክማል፣ ለዘመዱ ያደላል። በዚያ ዝርዝር ውስጥ መግባት የሌለበትን ስም ኮምፒውተሩ በራሱ አልጨመረም። ስህተቱን የደረሰበትም ሰው ነው፣ ዕጣው ይሰረዝ ያለውም ሰው ነው። ክፋቱም ማስተዋሉም ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። ለዚህም ነው ከኮምፒውተሩ አጠገብ ሁልጊዜ የሚጠይቅ ሰው መቀመጥ ያለበት።

ታዲያ ይህ ነገር እኛን፣ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችን ምን አገባን? በጣም ያገባናል። በፊደላችን «ተከሳሹ ይመታል» ብለን ብንጽፍ ሰውየው መቺ ይሁን ተመቺ ጽሑፉ አይነግረንም፤ ጠብቆና ላልቶ መነበቡን የሚለየው ጉዳዩን የሚያውቅ አንባቢ ነው። ጎግል አማርኛን መተርጎም ከጀመረ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፣ ገናም ይሻሻላል። ግን ነገሩ ከትርጉም ይሰፋል። ከአንድ መሥሪያ ቤት መግለጫ ተልኮለት እንዳለ የሚያወጣ፣ ቁጥር ሲሰጠው «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» የማይል፣ ሁለት ምንጮች 74 እና 15 ሲሉት ቀድሞ የደወለለትን ብቻ የሚያምን ጋዜጠኛ ካለ፣ እሱን ኮምፒውተር ይተካዋል። መተካትም አለበት፤ ያንን ሥራ ማሽኑ በፍጥነትም በርካሽም ይሠራዋልና። የሚቀረው ጋዜጠኛ ነገሩ ሳይጥመው ሲቀር ቆም የሚል፣ «አዎ ያልከው የቱን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ፣ ከጻፈው ሥር ስሙን አስቀምጦ የሚጠየቅ ነው።

እንግዲህ በኮሪደሩ ክርክር የእኔ ድምፅ ይኸው ነው። የማትስማሙ ካላችሁ በሚቀጥለው እትም መልሳችሁን እጠብቃለሁ፤ ብቻ ኮምፒውተር እንዳይጽፍላችሁ!